የታችኛው ድምፅ

ሸክላው ታትሞ የመጣ ዕለት ተገኝ ፈረቃውን ከሥራ ባልደረባው ጋር ተቀያየረና ሙሉ ልብሱን ግጥም አድርጎ ለብሶ፣ ጫማውን ወልውሎ፣ ስዊድን ውስጥ ከሚኖርበት ከሃሉንዳ ስፖንጋ ወዳለው የጓደኛው ቤት ሙሽራ መስሎ ሄደ። ሚስቱ ሙሉመቤት በር ላይ ክራባቱን ከእንቅርት ቀዶ ጥገናው ጠባሳ በታች እያስተካከለችለት «ምነው፣ ሰርግ አለ እንዴ?» ብትለው «ከሰርግም ይበልጣል» አላት። ቀልዱን አልነበረም። ፔንደልቶግ የሚባለውን የከተማ ዳርቻ ባቡር ሲነዳ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ነው፤ ዕድሜ ልኩን የሰው ሸክላ ሲሰማ ኖሯል። ዛሬ የራሱን ድምፅ በሸክላ ሊሰማ ነው።

ነገሩ ለብዙ ሐበሻ ግራ ነው። «ሳውዘርን ጎስፔል» የሚሉት በአሜሪካ ደቡብ ክፍል ያደገ የመዝሙር ዓይነት ሲሆን፣ አራት ወንዶች ክራባት አስረው ጎን ለጎን ይቆሙና በአራት ድምፅ ይዘምሩታል። አንዱ ከላይ ይንቆረቆራል፣ አንዱ ዜማውን ይይዛል፣ አንዱ መሃል መሃሉን ይሞላል። አራተኛው፣ ቤዝ የሚባለው፣ ከታች ከመሬት ሥር ነው የሚመጣው። ጭብጨባና ሽብሸባ የለመደ ሰው ይህን ሲሰማ «ታዲያ መቼ ነው የሚሞቀው?» ይላል። ተገኝ እንዲህ ላለው ሰው መልስ መስጠት ካቆመ ቆይቷል።

የዚህ መዝሙር በሽታ የያዘው በወጣትነቱ፣ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ጸሎት ቤቶች በታሸጉበት ዘመን ነው። አንድ ሚሲዮናዊ ትቶት በሄደው ማጫወቻ፣ መጋረጃ ተጋርዶ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ ድምፁ እስከ መጨረሻው ተቀንሶ ነበር የሚሰሙት። ሲቀነስ ሌሎቹ ድምፆች ሁሉ ይጠፋሉ። የታችኛው ብቻ በጠረጴዛው እንጨት ውስጥ አልፎ ክርኑ ላይ ይደርሰው ነበር። ያኔ ነው ልቡ የተሰረቀው። ስዊድን ሲመጣ ደግሞ ያላሰበው ሲሳይ ጠበቀው፤ ለካ የስዊድን ጴንጤ ሽማግሌዎችም በዚሁ በሽታ የተለከፉ ኖረዋል። እነሱ ሲያርፉ ልጆቻቸው ሸክላውን በካርቶን እየሞሉ ሎፒስ ወደሚባለው የአሮጌ ዕቃ ገበያ ይወስዱታል፤ ተገኝም ከሥር ከሥሩ ይለቅማል። ሙሉመቤት «ይኼ ቤት የእኛ ነው የሸክላ?» እያለች ቁም ሳጥኗን ሳይቀር ለቃለታለች።

በኋላ ማዕዘን ኳርቴት የሚባለው የአራት ዘማሪዎች ቡድን ተመሠረተ። ሐዋዝ ከላይ፣ ቀለመወርቅ ከመሃል፣ ዕንባቆም ዜማውን፣ ተገኝ ከታች። ዕንባቆምና ተገኝ ከካርቱም የስደት ዘመን ጀምሮ አንድ ፍራሽ የተጋሩ ጓደኛሞች ናቸው፤ ወንድም ቢባሉ ማንም አይጠራጠርም። ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። ዕንባቆም መጠበቅ አይችልም። «አሜን» ሳይባል እንጀራ ይቆርሳል፣ መብራቱ አረንጓዴ ሳይሆን መንገድ ይገባል፣ በመዝሙርም ሁልጊዜ ትንሽ፣ ቅንጣት ታህል፣ ይቀድማል። ተገኝ ደግሞ ሥራውም ተፈጥሮውም መጠበቅ ነው። ሦስቱ ይዘምሩና ዝም ይላሉ፤ እሱ ዝምታውን ያስተኛዋል፣ ከዚያ ይገባል። የቤዝ ሙያው እሱ ነው። ያቺን ዝምታ ማስተኛት የማያውቅ ሰው ቤዝ አይባልም፤ ድምፁ የቱንም ያህል ቢወፍር።

ሸክላው የመጣ ዕለት የዕንባቆም ሳሎን ሞልቶ ነበር። ቀረጻውን የሠራችው የዕንባቆም ልጅ ፌበን ናት፤ ስዊድን ያደገች፣ በድምፅ ሥራ የምትተዳደር፣ ጎበዝ ልጅ። ሸክላውን በሁለት እጇ ይዛ መጥታ «ጋሼ ተገኝ፣ እርስዎ ያስቀምጡት» አለችው። ቀስ ብሎ መርፌውን አሳረፈ።

የሐዋዝ ድምፅ ከፍ ብሎ ወጣ። ዕንባቆም ዜማውን ያዘ። ቀለመወርቅ ሞላ። ከዚያ ከታች ያ ድምፅ መጣ፤ ወፍራም፣ ለስላሳ፣ ወለሉን የሚያንቀጠቅጥ። ተገኝ ዓይኑን ጨፈነ። ባደባባይ አልቅሶ የማያውቅ ሰው እንባው በጉንጩ ወረደ፤ አልጠረገውም። «ተባረክ!» «ጸጋውን ያብዛልህ!» ከየአቅጣጫው ዘነበበት። ዕንባቆም አንገቱን አቅፎ ሳመው። ሁሉም የሚያዩት እሱን እንደነበር፣ ማጫወቻውን የሚያይ አንድም ሰው እንዳልነበረ ልብ አላለም። ደስ ያለው ሰው የት ልብ ይላል?

ብቻ አንድ ነገር ቅር አለው፤ ምን እንደሆነ ግን አልያዘውም። ደስታ ነው ብሎ ተወው።

በነጋታው ረፋድ ላይ ሙሉመቤት ከጋራ ልብስ ማጠቢያው የመጣውን ልብስ እያጣጠፈች፣ እሱ ሸክላውን አስቀመጠና እንደ ድሮው ክርኑን ጠረጴዛው ላይ ደግፎ አዳመጠ። «የወንዙ ዳር መብራት» የሚሉት መዝሙር ላይ ደረሰ። ሦስቱ «ጨለማው ሲመጣ ማን ይጠብቀኛል?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ዝም ይላሉ፤ ቤዙ «እሱ ራሱ» ብሎ ይመልሳል። የተገኝ መዝሙር ነው፤ እሱ ራሱ ነው ወደ አማርኛ የመለሰው።

ቤዙ ቀደመ።

መርፌውን አነሳና መለሰው። አሁንም ቀደመ። ቅንጣት ታህል። ሦስቱ ትንፋሻቸውን ሳይጨርሱ ከታች ያለው ሰው ዘው ብሎ ገባ። ሌላ መዝሙር አደረገ፤ እዚያም ቀደመ። ገለበጠው፤ ያው ነው።

በስቱዲዮው እያንዳንዳቸው ለየብቻ በመስታወት ክፍል ገብተው ነበር የተቀረጹት። ተገኝ ያን ቀን እንዴት እንደጠበቀ ያስታውሳል። የመጨረሻዋ ረጅም ድምፅ ላይ ትንፋሹ አልቆበት «ፌቡ፣ እሷን እንድገማት» ማለቱንም ያስታውሳል። ልጅቷ ከመስታወቱ ማዶ አውራ ጣቷን ቀስራ «ዬተብራ ጋሼ! በጣም ቆንጆ ነው፣ አያስፈልግም» አለችው። እዚህ ሸክላ ላይ ያቺ ድምፅ አታልቅም። ትሄዳለች፣ ትሄዳለች፣ ሙዚቃው እስኪያበቃ ትሄዳለች። ሳንባ የሌለው ሰው የዘመራት ይመስላል።

«ሙሉ» አላት፣ «ይኼ እኔ ነኝ?»

ሙሉመቤት ልብሱን አስቀመጠች። መጥታ ትከሻውን ያዘችና ዓይን ዓይኑን እያየች «አንተ ነህ እንጂ ማን ሊሆን ነው? ይሄን ድምፅ አጣዋለሁ? ስንት ዓመት የተኛሁበት ድምፅ አይደል እንዴ!» አለችው። ሳቅ ብላ ግንባሩን ሳመችው። አንጀቱ ትንሽ ራሰ። ኮምፒውተር ነው፣ አለ ለራሱ፤ እነዚህ ልጆች ይቆርጣሉ፣ ይቀጥላሉ፣ ትንሽ ገፋ አድርጋው ይሆናል።

ሆኖም በዓለም ላይ እንዲህ የሚቀድም አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው። ሐሳቡ ብልጭ ባለ ቁጥር «ኧረ ተው! ሰይጣን ነው» እያለ ያባርረዋል። ደውሎ መጠየቅ ይችል ነበር። ግን ምን ብሎ? አንድ ፍራሽ የተጋራን ሰው «ድምፄን ሰርቀኸኛል ወይ?» ብሎ በምን አፍ ይጠየቃል? ሳምንቱን ሙሉ ባቡሩን እየነዳ፣ በየጣቢያው በሩ እስኪዘጋ እየጠበቀ፣ ነገሩን ሲያላምጠው ሰነበተ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁዲንጌ ውስጥ በተከራዩት የስዊድኖች ጸሎት ቤት የሸክላው ምረቃ ሆነ። ግማሹ ታዳሚ ሐበሻ፣ ግማሹ ፀጉሩ የነጣ ስዊድናዊ ነው፤ አማርኛውን ባይሰሙም ሙዚቃው የእነሱ ስለሆነ ከፊት ወንበሮች ላይ ተሰድረዋል። ሙሉመቤት ሦስተኛው ረድፍ ላይ የባሏን ካፖርት ታቅፋ ተቀምጣለች። ፌበን ከኋላ ከመሣሪያዋ ጀርባ ናት። ኳርቴቱ ሙዚቀኛ ስለሌለው እንደ ሁልጊዜው በተቀዳ ሙዚቃ ላይ ነው የሚዘምረው፤ እያንዳንዱ ዘማሪም እግሩ ሥር የራሱን ድምፅ የሚያሰማው ትንሽ ድምፅ ማጉያ አለው።

ሁለት መዝሙር እንደ ወትሮው አለፈ። ተገኝ ዘመረ፤ ከእግሩ ሥር ድምፁ መጣለት፤ ሰው አጨበጨበ። ሦስተኛው «የወንዙ ዳር መብራት» ነበር።

«ጨለማው ሲመጣ ማን ይጠብቀኛል?» አሉ ሦስቱ። ዝም አሉ።

ተገኝ አፉን ከፈተ። ትንፋሽ ግን አላወጣም።

እግሩ ሥር ያለው ማጉያ ጭጭ አለ። ከአዳራሹ ግድግዳ ግን፣ ቅንጣት ታህል ቀድሞ፣ ወፍራም ሆኖ፣ «እሱ ራሱ!» የሚል ድምፅ ተንጎደጎደ። ሰው በእልልታ ተነሳ። ከፊት የተቀመጠ አንድ የስዊድን ሽማግሌ ዓይኑ እንባ አቅርሮ በአውራ ጣቱ ወደ ተገኝ «ጎበዝ!» የሚል ምልክት አሳየው።

ተገኝ ክው አለ። ቀጥሎ አፉን መክፈቱንም ተወው። ከንፈሩን ግጥም አድርጎ ዘጋ፣ ማይኩን ወደ ጭኑ አወረደ፣ ቆመ። ድምፁ ቀጠለ። እሱ ዝም ብሎ ቆሞ ድምፁ ይዘምራል፤ ሰዉ ያጨበጭባል፤ «ሃሌ ሉያ» ይላል። አንድ ሰው እንኳ «ያ ሰውዬ አፉን ዘግቷል እኮ» ብሎ ጎረቤቱን አልጎሸመም። ከሁሉ የቆረጠው ይህ ነው፤ ስለመኖሩ የሚጨነቅ አልነበረም። የሚያስፈልገው ቁመናውና ክራባቱ ብቻ ነበር።

ዕንባቆም ዞር ብሎ አየው። የተዘጋውን አፍና የወረደውን ማይክ አይቶ ፊቱ አመድ መሰለ። መዝሙሩን ግን አላቋረጠም።

ጥሎ መውረድ ይችል ነበር። አልወረደም። በሰው ፊት እነዚህን ሰዎች ማዋረድ አልሆነለትም፤ ያ የተረገመ ይሉኝታ እግሩን አሠረው። በቀሩት መዝሙሮች ሁሉ፣ እስከ መጨረሻዋ «አሜን» ድረስ፣ አፉን እየከፈተ እየዘጋ ቆመ። እንዲህ ያለ ውርደት በጠላቱም ላይ አይመኝም።

ከመድረኩ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ሐዋዝና ቀለመወርቅ የተጠቀለለ ሽቦ ፈትተው እንደገና መጠቅለል ጀመሩ፤ ቀና የሚል ጠፋ። ፌበን እየሮጠች ገብታ «ጋሼ፣ ፎርሎት፣ ይቅርታ…» ስትል አባቷ በዓይኑ አስወጣት።

«አንተ ነህ» አለ ተገኝ።

ዕንባቆም አልካደም። «እኔ ነኝ። ፌበን ድምፄን በኮምፒውተር ዝቅ አድርጋ ከሙዚቃው ጋር ቀዳችው።»

«ሸክላው ላይ በሙሉ?»

«በሙሉ።»

«መድረክ ላይስ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከቀዶ ጥገናው በኋላ ነው፣ ተጌ። እንቅርትህ ከወጣ በኋላ ድምፅህ አልተመለሰም። አንተ ከውስጥ ስለምትሰማው እንደ ድሮው ይመስልሃል። ወደ ውጭ ግን… አየር ነው የሚወጣው። ፌበን ማይክህን ለአዳራሹ ትዘጋዋለች፤ ወደ እግርህ ማጉያ ብቻ ነበር ወፈር አድርጋ የምትልክልህ።»

«የፋሲካው ጉባኤ?»

«እሱም።»

«የጎተንበርጉስ? ያ ሁሉ ወጣት ተሰልፎ እጄን የጨበጠኝ?»

ዕንባቆም ወለሉን አየ። ተገኝ የእነዚያን ልጆች ፊት አንድ በአንድ አስታወሰ፤ «ጋሼ፣ ድምፅዎ ደረቴ ውስጥ ገባ» ያለችውን ልጅ አስታወሰ፤ እሱ ደግሞ አፉን ሞልቶ «ክብሩ ለጌታ ይሁን» ማለቱን አስታወሰ። ደሙ ፈላ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«እንዴት አድርጌ? በምን አንደበቴ? ለአንተ ብለን ነው እኮ! ከሞት አፋፍ የመጣህ ሰው ‹በቃህ፣ ተቀመጥ› ልበልህ? አስለቅሰን ብናባርርህ ይሻል ነበር?»

«አዎ፣ ይሻል ነበር!» ተገኝ ሊጮህ ፈለገ፤ የወጣው ግን ሻካራ ትንፋሽ ነበር። በዚህ ሁሉ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱን በጆሮው ሰማው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጨረሰው፤ «ለቅሶው የእኔ ነበር፤ እኔ አለቅሰው ነበር። ተቀምጬም ከሕዝቡ ጋር እሰማችሁ ነበር። እናንተ ግን እንደ አሻንጉሊት አቆማችሁኝ።»

«ተጌ…»

«አንተ! ሌላ ሰው ቢያደርገው ይሁን። አንተ ዓይኔን እያየህ፣ ሳሎንህ ውስጥ ሳለቅስ አንገቴን አቅፈህ ስትስመኝ ምን ብለህ ነበር የምታስበው?»

ዕንባቆም ግድግዳውን ተደገፈ። መጠበቅ የማይችል ሰው ነውና ይህንንም መጠበቅ አልቻለም። «ብቻችንን አልወሰንንም» አለ። «ልንጠይቅህ ቤት የመጣን ጊዜ፣ አንተ መድኃኒት ወስደህ ተኝተህ ሳለ፣ እኔና ሐዋዝ ሙሉመቤትን አማከርናት። ‹ዶክተሩ ድምፁ አይመለስም ብሎኛል፤ ለእሱ እንዳይነግረው እኔ ለምኜዋለሁ፤ እናንተም ከነገራችሁት ይሞትብኛል› አለችን። ቃል አስገባችን። እኔ እሷን እንቢ ማለት አልቻልኩም።»

ተገኝ ክራባቱን ፈታ፣ ወንበር ላይ አኖረው፣ ወጣ።

ሙሉመቤት በባዶ ወንበሮች መሃል ካፖርቱን እንደታቀፈች ጠበቀችው። ፊቱን ስታይ ገባት። ወደ አውቶቡሱ ሄዱ፤ ከኋላ፣ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ቤቶቹና ጥዶቹ በመስኮቱ ያልፋሉ። ካፖርቱን ጭኗ ላይ እያጣጠፈች ጠየቀችው።

«ነገሩህ?»

«ነገሩኝ።»

«እኔ ነኝ» አለች፤ አንገቷን ደፋች። «እነሱን አትቀየማቸው። ከሰመመኑ ስትነቃ ከሁሉ ነገር በፊት የጠየቅከው ‹መዝሙሩ መቼ ነው?› ብለህ ነው። የኔን ስም እንኳ አልጠራህም። ምን ልበልህ ነበር? ስትጠፋብኝ ቁጭ ብዬ ልይ?»

«ጠዋት ጠዋት ቤት ውስጥ ስዘምርስ? ከጓዳ ‹ዛሬማ ጉድ አፈላህ› የምትዪኝ?»

«እንድትስቅልኝ ነው።»

«ያን ቀን ‹እኔ ነኝ ወይ?› ስልሽ?»

እንባዋ በካፖርቱ ላይ ወረደ። መልሱ የታወቀ ነው። ተገኝ በጣም አዘነባት፤ ደግሞም አዘነላት።  ከዚያ አንድ ሐሳብ ብርድ ሆኖ ገባበት፤ ሳይጠይቃት ቢቀር በተሻለው ነበር።

«ካርቱምስ?» አላት።

«ካርቱም ምን?»

«ያኔ፣ ገና ሳንተዋወቅ። ከአምልኮ በኋላ ግቢው ውስጥ ወደ እኔ መጥተሽ ‹እንዲህ ያለ ድምፅ ተሰምቶም አያውቅ› ያልሽኝ ጊዜ። በዚያ ቃል ነው እኮ ሰው የሆንኩት። ያስ እውነትሽን ነበር?»

ሙሉመቤት ቀና አለች። እጁን በሁለት እጇ አፈፍ አድርጋ ያዘች። ዓይን ዓይኑን እያየች፣ ድምፅዋ ሳይንቀጠቀጥ፣ «እሱማ እውነቴን ነው! እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ እውነቴን ነው!» አለችው።

ተገኝ ፊቷን መረመረ። ዓይኗ ያው ነው፤ ድምፅዋ ያው ነው። ያን ረፋድ ትከሻውን ይዛ «አንተ ነህ እንጂ» ስትለውም ልክ እንዲሁ ነበረች፤ አንድ ነገር አልጎደላትም፣ አንድ ነገር አልተረፋትም። ልዩነቱን ፈለገ፣ ፈለገ። ሊያምናት በጣም ፈልጎ ነበር። አልቻለም።